የእኔን ድምፅ ብቻ ስሚ

ሰኞ 4

ሐኪሙ ሽማግሌ ናቸው። ቀጭን ነገር ጉሮሮዬ ውስጥ ከትተው ብዙ ካዩ በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ። «የኔ ልጅ፣ የድምፅሽ ክሮች ላይ እባጭ አለ። ሁለት ወር ሙሉ ዝም ትያለሽ» አሉኝ።

እንጀራዬ ድምፄ ነው አልኳቸው።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ማረፍ ካልቻልሽ ወይ ሥራ ቦታ ተናገሪ፣ ወይ ቤት። ለሁለቱ አይበቃሽም። ጩኸት በፍጹም። ሹክሹክታም ቢሆን አልፈቅድም፤ ሹክሹክታ ከጩኸት ብዙ አይሻልም።»

የትኛውን እንደምመርጥ አልጠየቁኝም። እኔም ብዙ አላሰብኩበትም። ከግቢው ሳልወጣ መርጬ ነበር።

ሥራዬ ለሰው ፊት ድምፅ መስጠት ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ረጅም ድራማ ወደ ቋንቋችን እየተመለሰ ከሰኞ እስከ ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ይተላለፋል። እኔ የእናትየዋ ድምፅ ነኝ። ስቱዲዮ ውስጥ «ወይዘሮ እንባ» እንላታለን፣ ሳታለቅስ ያለፈ ክፍል ስለሌለ። ባሏ ሞቶባታል፣ የባሏ ወንድም ልጇን ሊነጥቃት ያሳድዳታል፣ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ልጇን አትቆጣም። አይደክማትም። ዳቦ ቤት ገብቼ «ሁለት ዳቦ» ስል ሰልፉ በሙሉ ዞሮ ያየኛል። ይህን የጻፍኩት ለጉራ አይደለም።

ቤት ውስጥ መናገር ሲያምርሽ ጻፊው አሉኝ ሐኪሙ። ይኸው ከመድኃኒቱ ጋር ደብተር ገዛሁ።

ረቡዕ 6

ለልጄ ሕግ አወጣሁላት። አንድ ጊዜ ሳጨበጭብ «ነይ» ነው። ሁለት ጊዜ «ተይ»። ሦስት ጊዜ «ወደ መኝታ»።

«እኔ ቡችላ ነኝ?» አለችኝ። አምስት ዓመቷ ነው፤ አፏ ግን ሠላሳ ሞልቶታል።

እቴቴ ሳቀች። እቴቴ ታላቅ እህቴ ናት፤ አብራን ነው የምትኖረው፣ ልጄንም የምትጠብቅልኝ እሷ ናት። ጠዋት ቴሌቪዥኑን የምትከፍተው እሷ፣ ማታ የምትዘጋው እሷ። እኔ አይደለሁም። ይሄ ይመዝገብልኝ። «ልጅቷን ዝም የሚያሰኛት እሱ ብቻ ነው» ትላለች፣ ውለታ እንደዋለላት ሰው እያመሰገነችው።

አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በወር ሁለቴ ይመጣል። ትናንት ደውሎ ስልኩን በጣቴ እየመታሁ መለስኩለት። አንዴ አዎ፣ ሁለቴ አይ። «ከእንጨት ሰባሪ ወፍ ጋር ተጋባሁ እንዴ?» አለ። መሳቅም ተከልክያለሁ።

ዓርብ 8

የእኛ ሥራ ለማያውቀው የቃል ሥራ ይመስለዋል። የከንፈር ሥራ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሴት ከንፈሯን ስትገጥም እኔም መግጠም አለብኝ፤ አለዚያ ተመልካቹ ምን እንደቀፈፈው ሳያውቅ ይቀፈዋል። አዘጋጃችን ቀኑን ሙሉ «ከንፈር! ከንፈር!» እያሉ ስለሚጮኹ ከኋላቸው ጋሼ ከንፈር ነው የምንላቸው።

ዛሬ ወይዘሮ እንባ ልጇን በአዲስ የቁልምጫ ስም ጠራቻት። ተርጓሚው «ውዴ» ብሎ ጽፎታል።

«ከንፈር!» አሉ ጋሼ። «የእሷ መሐል ላይ ገጥሟል፣ ያንቺ ክፍት ነው።»

«ማሬ» ብለን ሞከርን። መጀመሪያው ይገጥማል፣ መሐሉ አይገጥምም። «የኔ ፍቅር» ረዘመ። «ልጄ» ጭራሽ። ሩብ ሰዓት እዚያው ቆመን ቀረን። ከዚያ አፌ በራሱ «እምቡጤ» አለ። «ምቡ» ላይ ከንፈሬ ከከንፈሯ ጋር እኩል ገጠመ፣ እኩል ተከፈተ።

የድምፅ ቴክኒሻኑ አፏጨ። ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። «ይህቺን ከየት አመጣሻት?»

«እንዲሁ መጣችልኝ» አልኩ።

እንዲሁ አልመጣችም። ልጄ በተወለደች በሦስተኛው ቀን ጣቷን ጨብጣ፣ ፊቷን ጨምድዳ ተኝታ ሳያት ያወጣሁላት ስም ነው። ከእኔ በቀር በዚህ ስም የሚጠራት ሰው የለም። አባቷ በስሟ ይጠራታል፤ እቴቴ «አንቺ ጉድ» ትላታለች። ከሰኞ ወዲህ እኔም ቤት ውስጥ ጠርቻት አላውቅም፣ አጨብጭቤ ነው የማመጣት። ዛሬ ስቱዲዮ ውስጥ ግን አሥራ አራት ጊዜ እምቡጤ አልኩ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሉ ነበር እናቴ። እኔን ለማለት አልነበረም፤ ያኔ ልጅ ነበርኩ።

ማክሰኞ 19

ከስርጭቱ የምንቀድመው በአሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ደረሰ። እኔ ልብስ እየተኮስኩ፣ ልጄ ምንጣፍ ላይ ተኝታ ታያለች።

«እምቡጤ፣ እኔ እያለሁ ምንም አትፈሪ» አለች ወይዘሮ እንባ በእኔ ድምፅ።

ልጄ ብድግ አለች። «አቤት!» አለች፣ ወደ ቴሌቪዥኑ። ከዚያ ዞራ ፊቷ እንደ መብራት በርቶ «እማዬ ጠራችኝ!» አለችኝ።

እቴቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ያለ ድምፅ ሳቅሁ።

አሁን ልብሱን አጣጥፌ ጨርሼ ሳስበው ግን፣ «ጠራሽኝ» አይደለም ያለችኝ። «ጠራችኝ» ነው።

ሐሙስ 21

ሩጫ። ሦስት ክፍል በአንድ ቀን ቀረጽን። ጉሮሮዬ አሸዋ የጠጣ ይመስላል።

ስገባ ልጄ ጫማዬን ልትፈታልኝ ተንበረከከች። «ድምፅሽን እዚያ ትተሽው ነው የምትመጪው?» አለችኝ። ነገሩ እውነት ስለሆነ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ብርድ አይመታውም?»

ምን ብዬ ላጨብጭብ?

ሐሙስ 28

የመዋዕለ ሕፃናት መምህሯ ጠርታኝ ሄድኩ። ወጣት ናት፤ መጀመሪያ እየሳቀች ነበር የነገረችኝ። አንዱ ልጅ እርሳሷን ሲቀማት ልጄ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ይህን የምታደርገው ለምንድን ነው? ልቤን ሰብረኸዋል» አለችው። ልጁ ደንግጦ እርሳሷን ብቻ ሳይሆን የራሱንም ላጲስ ሰጣት። ተተኪ መምህርት የመጣች ቀን ደግሞ ተነሥታ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ ማን ነዎት?» አለቻት።

«እንደ ተተረጎመ ፊልም ነው የምታወራው» አለች መምህሯ። ከዚያ ሳቋን አቆመች። «እናቴ ሁለት ናት አለችኝ። አንዷ ቴሌቪዥን ውስጥ ትሠራለች፣ ታወራለች። ቤት ያለችው የምታርፈዋ ናት አለችኝ። እቤት የሚያናግራት ሰው አለ?»

«ሐኪም ከልክሎኝ ነው» ብዬ በወረቀት ጻፍኩላት። አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

በዚህ መሐል አንዲት የተማሪ እናት በሩ ላይ አየችኝ። «ውይ! የቴሌቪዥኗ እናት ድምፅ እርስዎ ነዎት? ሰዎች ነግረውኝ አላመንኩም! እስቲ በሞቴ፣ አንድ ጊዜ እምቡጤ ይበሉልን!»

አልኩላት። አንዲት ቃል ናት። ሰው ለምኖኝ እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ።

መምህሯ የታጠፈውን ወረቀት እንደያዘች ታየኝ ነበር። ልጄ ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዋን ይዛ ቆማለች። ሰምታ ይሆን? አልሰማችም መሰለኝ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አፌን ነበር የምታየው።

እሑድ 1

አባቷ መጥቶ ሁለት ቀን ቆየ። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ያለፈው ሳምንት ክፍል ሲደገም፣ «በቃ፣ ውጪ እንጫወት» ብሎ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ልጄ ጮኸች፤ እንደዚያ ስትጮኽ ሰምቼ አላውቅም። «እማዬን አጠፋሃት! እማዬን አጠፋሃት!»

እኔ አጠገቧ ድንች እየላጥኩ ነው።

እሱ ሪሞቱን እንደያዘ ወደኔ ዞረ። ሲቆጣ ነው የለመድኩት፤ አልተቆጣም። ዛሬ ጠዋት ቦርሳውን እየዘጋ «ሥራውን ተይው። ጉሮሮሽ ይዳን፣ ልጅቷን አናግሪያት። የኔ ይበቃናል» አለኝ።

«እስከ መቶ ሰማንያኛው ክፍል ብቻ» ብዬ ጻፍኩለት።

«አሁን ስንተኛው ላይ ናችሁ?»

ዋሸሁት። ከቀረው ላይ አርባ ክፍል ቀነስኩለት።

ሐሙስ 5

ለእቴቴ ቴሌቪዥኑን ቀንሺው ብዬ ጻፍኩላት። «መነጽሬ የለኝም» አለች። መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነው።

የሰፈሩ ልጆች አሁን ሁሉም እምቡጤ ይባባላሉ። ከሱቁ በር ላይ አንዲት እናት የራሷን ልጅ እንደዚያ ስትጠራ ሰማሁ። ልጄ እጄን ይዛ ነበር፤ ቆም አለች። «እማዬ ያቺን ልጅም ታውቃታለች?» አለችኝ።

ዓርብ 6

ሳስል ደም መጣ፤ እጄ ላይ የለም፣ መሐረቡ ላይ ነው ያለው። ትንሽ ናት።

ዛሬ ሁለት ትልልቅ ትዕይንቶች ነበሩ። በመጀመሪያው አጎትየው ሰዎች ልኮ ቤቱን ሲያስከብብ ወይዘሮ እንባ ልጇን ከመሬት በታች ያለ ዕቃ ቤት ወስዳ አሮጌ ቁም ሣጥን ውስጥ ትደብቃታለች። «እምቡጤ፣ እስክጠራሽ እንዳትወጪ። ማንም ቢጠራሽ እንዳትወጪ። የእኔን ድምፅ ብቻ ስሚ።» በአንድ ጊዜ አለቀ። ጋሼ እንኳ ከንፈር አላሉም።

ሁለተኛው ከዚያ የሚቀጥለው ክፍል ነው። ሰዎቹ ሄደው ስትመለስ ባዶ ቤት ውስጥ ቆማ ትጣራለች። «እምቡጤ! ውጪ! እማዬ መጥታለች!» ጽሑፉ ላይ በቅንፍ «በሙሉ ኃይል» ይላል።

በመጀመሪያው ሙከራ ከንፈሬ ዘገየ። በሁለተኛው «ልቅሶ በዛበት» አሉ። በሦስተኛው ከውጭ መኪና ጥሩምባ ነፋ። አራተኛው ጥሩ ነበር፤ ቴክኒሻኑ አውራ ጣቱን አሳይቶኛል። ጋሼ ግን «ከአንጀት! እናት አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ።

ስለ ሐኪሙ ነግሬያቸው አላውቅም። ብነግራቸው ኖሮ ቦታዬን የነርሶቹንና የሻጮቹን ድምፅ ለምትናገረው ለዚያች ጉብሊት ይሰጧት ነበር። እሷም ተተኪዬ እሷ እንደሆነች እያወቀች ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጣ አብራኝ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

በአምስተኛው ዓይኔን ጨፍኜ ልጄን አሰብኩ። እውነተኛዋን። ምንጣፍ ላይ ተኝታ ጀርባዋን ሰጥታኝ። እና ጠራኋት።

ቴክኒሻኑ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። ጋሼ ተነሥተው አጨበጨቡ። «ይሄ ነው! ይሄ ነው!» እያሉ ሳለ ጉሮሮዬ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ጨርቅ ሲተረተር ተሰማኝ።

ቅዳሜ 7

ምንም። አየር ብቻ።

ሰኞ 9

ሐኪሙ አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። «ጮኸሻል?»

ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ልምልላቸው አሰብኩ። ለመማልም ድምፅ ያስፈልጋል።

ቀዶ ጥገና በ23። ከዚያ ሦስት ሳምንት ፍጹም ዝምታ። «ድምፅ ይመጣል። የቀድሞው ይመጣል ብዬ ግን አልዋሽሽም» አሉኝ።

ረቡዕ 11

ወይዘሮ እንባን ለጉብሊቱ ሰጧት። ጋሼ ራሳቸው ደውለው ነገሩኝ፤ አዝነዋል። «አንቺን የሚተካ የለም» አሉ፣ ከተኩኝ በኋላ።

ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ። ልጄን አቅፌ ልቀመጥ ስል «ቆይ፣ ልትመጣ ነው» ትለኛለች፤ ሰዓቱን ታየዋለች። በተቀረጸው ድምፄ ገና አራት ቀን ይቀረኛል። የሐሙስ፣ የዓርብ፣ የሰኞና የማክሰኞ። ከዚያ በኋላ የእኔ ትሆናለች ብዬ አሰብኩ። ይህን ማሰቤ አሳፈረኝ፤ ጻፍኩት ግን።

እሑድ 15

ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። ከሕንፃችን በታች ያለው ዕቃ ቤት እንደየዓመቱ ውሃ ገባበት። የየፎቁ ነዋሪ የጣለው አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የተሰበረ ወንበር ሁሉ እዚያ ነው። ዘበኛው በባልዲ ሲቀዳ ዋለ። «እመቤት፣ ውሃው እግሬ ድረስ ነው፣ ነገ ጉልበቴ ይደርሳል፤ ቀበሌው ይምጣ ወይስ እኔ ልዋኝ?» አለኝ። የሕንፃው ኮሚቴ ለበሩ ቁልፍ ግዛ ተብሎ ሦስተኛ ዓመቱ ነው።

ሰኞ 16

የዕቃ ቤቱ ክፍል ዛሬ ተላለፈ። «ማንም ቢጠራሽ እንዳትወጪ። የእኔን ድምፅ ብቻ ስሚ።»

ልጄ እስከ መጨረሻው አልተነቃነቀችም። የማስታወቂያው ዘፈን ሲጀምር ወደኔ መጣች። እኔ የሆስፒታሉን ወረቀት እየሞላሁ ነበር።

«አሁን ያለችው ለኔ ነው?» አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ መሰለኝ።

ጥያቄውን በደንብ አልሰማሁትም። ወይም ሰምቼው ደስ ብሎኛል። ድምፄ ለልጄ መናገሩ።

ማክሰኞ 17

ተገኘች። በሕይወት አለች። ዛሬ መጻፍ አልችልም።

ረቡዕ 18

ትናንት ከመድኃኒት ቤት በዘጠኝ ሰዓት ስመለስ እቴቴ ደረጃው ላይ በባዶ እግሯ ቆማለች። «አንቺ ጋ አይደለችም?» አለችኝ። ከመዋዕለ ሕፃናት አምጥታ ካልሲዋን ቀይራላት፣ ለአንድ አፍታ ጋደም ብላ ስትነቃ ልጅቷ የለችም።

ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ጣሪያው ላይ፣ ሱቁ ጋ፣ ከጎን ያለው ያላለቀ ሕንፃ ውስጥ። ዝናቡ እየወረደ ሰው ሁሉ «እምቡጤ! እምቡጤ!» እያለ ይጣራል፤ ስሙን ከቴሌቪዥን ስለሚያውቁት። ዘበኛው ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ በባትሪ አበራ፣ ተጣራ፣ መልስ የለም። ውሃው ጉልበቱ ጋ ነበር። «ጨለማና ውሃ ነው፤ ልጅ እዚህ አይገባም» ብሎ ወጣ።

እኔ አፌን ከፍቼ ሮጥኩ። ሰው ሲያየኝ የምጮኽ ይመስለዋል፤ የሚወጣው አየር ነው። በየደረጃው እየቆምኩ አጨበጨብኩ። አንድ ጊዜ። አንድ ጊዜ። አንድ ጊዜ። መዳፌ አሁንም አብጧል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል እቴቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ደረቷን እየደቃች «ይህ ሁሉ ሰው ሲጠራት እንዴት አትሰማም? እንዴት አትሰማም?» አለች።

ያኔ ገባኝ። ትሰማለች። ማንም ቢጠራሽ እንዳትወጪ ተብላ ነው የማትወጣው። እኔ ነኝ ያልኳት። ሁለት ጊዜ ነው ያልኳት፣ አንዴ በድምፄ፣ አንዴ በራሴ ንቅናቄ። ልትወጣ የምትችለው ደግሞ በእኔ ድምፅ ብቻ ነው፤ ድምፄ ከእኔ ጋር የለም።

የት እንዳለ ግን አውቃለሁ።

የመድኃኒቱን ወረቀት ገልብጬ ጻፍኩ፦ «ቴሌቪዥን ክፈቱ። ድምፁን እስከ መጨረሻ። በርና መስኮት ክፈቱ። ሁላችሁም።» ለእቴቴ ሰጠኋት። መነጽሯን አልጠየቀችም። አንብባ ስትጨርስ እንደ ወጣት ልጅ ደረጃውን እየዘለለች በየቤቱ በር ደበደበች። የመጀመሪያው ቤት ተከፈተ፣ ሁለተኛው፣ ከላይኛው ፎቅ፣ ከታች። የመክፈቻው ዘፈን ከሃያ ቤት ተቀባብሎ ጀመረ። ሕንፃው ራሱ የሚዘፍን መሰለ። ሰው ሁሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ ዝም አለ።

እኔ ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ተንበርክኬ ጠበቅሁ። ሰዎቹ ቤቱን ይበረብራሉ። ይሄዳሉ። በር ይንኳኳል። ወይዘሮ እንባ ትገባለች። የእያንዳንዷን እርምጃ ርዝመት አውቃለሁ፤ አምስት ጊዜ ነው የተራመድኩት።

«እምቡጤ! ውጪ! እማዬ መጥታለች!»

ያ ድምፅ ከአንጀት ነው የወጣው። ጋሼ ልክ ነበሩ። ከየመስኮቱ ወጥቶ ደረጃውን ሞላው፣ ወደ ታች ወረደ።

ከሥር፣ ከጨለማው ውስጥ፣ የእንጨት በር ሲንቋቋ ሰማን። ከዚያ ውሃ ሲንቦጫረቅ።

ውሃው ጨምሮ ደረቷ ድረስ ደርሷል። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፤ ጫማዋን ግን እንዳይርስባት ራሷ ላይ ይዛዋለች። ዘበኛው ሊይዛት ዘለለ፤ ሸሸችው። ደረጃውን በራሷ ወጣች። እኔ ክንዴን ዘርግቼ ተንበርክኬያለሁ።

አለፈችኝ።

ደረጃውን ሁሉ እየሮጠች፣ ውሃ እያንጠባጠበች፣ ሰዉን እየሰነጠቀች ቤታችን ገባች። ስደርስ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ ሁለት እጆቿን መስታወቱ ላይ አድርጋለች። «መጣሁ» ትላለች። «መጣሁ፣ መጣሁ።»

ስክሪኑ ላይ ወይዘሮ እንባ ልጇን አቅፋ ታለቅሳለች። ሌላዋን ልጅ።

ልጄ ይህን ቆማ አየች። እጇን አወረደች። ብርዱ ያኔ የያዛት ይመስል መንቀጥቀጥ ጀመረች። ከኋላዋ አቀፍኳት፤ አልገፋችኝም። እቴቴ ፎጣ አመጣች። ስናደርቃት «ስታጨበጭቢ ሰማሁሽ» አለችኝ። «እማዬ ግን በድምፅ ነው ያለችኝ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። አንዴ ከወጣ አይመለስም ማለታቸው ነው። የእኔ ተመለሰ፤ ልጄን አወጣልኝ፣ ደግሞ ይዟት ሄደ። በማን እንደምናደድ አላውቅም። እቴቴን ልቆጣት እፈልጋለሁ። ቴሌቪዥኑን ከፎቅ ልወረውረው እፈልጋለሁ። ቴሌቪዥኑ ግን የሰጠሁትን ነው የተናገረው።

ሐሙስ 19

ትናንት በጉብሊቱ ድምፅ ተላለፈ። ትንሽ ሰምታ ተነሣች። «ይህቺ እማዬ አይደለችም» አለች። «እማዬን ምን አደረጓት?»

እቴቴ ቴሌቪዥኑን ዘጋችው። ማንም እንድትዘጋው አላዘዛትም።

ጉብሊቱ «እምቡጤ» ስትል ከንፈሯ ይዘገያል።

እሑድ 22

ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱ ጸጥ አለ። የተመኘሁት ነው። ልጄ በአሥራ አንድ ሰዓት ከጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ትቀመጣለች፣ ሩብ ሰዓት ትጠብቃለች፣ ተነሥታ ትሄዳለች። አታለቅስም። አባቷ መንገድ ላይ ነው፤ ነገ ሆስፒታል ይደርሳል። ሁሉንም በስልክ የነገረችው እቴቴ ናት። እኔ በጣቴ ስልኩን መታሁለት፤ አንዴ፣ አንዴ፣ አንዴ። ምን እንደጠየቀኝ ግን አልሰማሁትም።

ሐሙስ 26

ወጣ። እባጩን በጠርሙስ አሳዩኝ። የምስር ፍሬ አያክልም።

ረቡዕ 9

ጸጥ። አባቷ ሥራ ቀይሮ በከተማ ውስጥ መንዳት ጀምሯል። በየምሽቱ ለልጄ መጽሐፍ ያነብላታል፤ እየተንተባተበ ነው፣ እሷ ታርመዋለች። በር ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ። ቅናት አይደለም ብዬ ልጽፍ ነበር።

ለእኔ ደግ ሆናለች። ውሃ ታመጣልኛለች። ሳጨበጭብ ትመጣለች። ጉሮሮዬ ላይ ያለውን ፋሻ ነካ አድርጋ «የምታርፊዋ፣ ዳንሽ?» ትለኛለች።

ማክሰኞ 15

ዛሬ ተፈቀደልኝ። ሐኪሙ ፊት «ሀ» አልኩ። ወፍራም ነው፣ ጎርናና፣ ከሌላ ሴት ጉሮሮ የተዋስኩት ይመስላል። «ይሄው ነው እንግዲህ» አሉ፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው። «ለቤት ይበቃል።»

ስመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ተለማመድኩ። ሰው ሲያልፍ ዝም፣ ሲሄድ እምቡጤ። እምቡጤ። እምቡጤ። ከንፈሬ አሁንም ልክ ይገጥማል።

ልጄ መኝታ ቤቷ ውስጥ በሩን ዘግታ ትጫወታለች። እቴቴ ከኩሽና በር ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። በሩ ጋ ቀርቤ ጠራኋት።

«እምቡጤ።»

ጨዋታዋ ቆመ።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለች ከውስጥ።

«እኔ ነኝ። እማዬ ነኝ። ውጪ፣ እማዬ መጥታለች።»

እግሯ ወደ በሩ ሲመጣ ሰማሁ። ከበሩ ማዶ ቆመች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። እጀታውን አልነካችውም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች በዚያ በተተረጎመ ጨዋነቷ። «እማዬ የእኔን ድምፅ ብቻ ስሚ ብላኛለች።»

ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ ቆየሁ። እቴቴ ወደ ኩሽና ገባች። ከዚያ እጄን አነሣሁና አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ።

በሩ ወዲያው ተከፈተ።

«ጠራሽኝ?» አለችኝ።